ዘፈኑን ሳይጨርስ ለሚቆርጥ ሬዲዮ ምን አማራጭ አለ? (ጎንደርና አካባቢዋ)

ቀስተ_ማሲንቆ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የከተማችን የሙዚቃ ወዳጆች። የንግድ ሬዲዮ ቅሬታ ሲነሳ ብዙ ጊዜ «ማስታወቂያ በዛ» ላይ ይቆማል። ማስታወቂያው ይቻላል፤ ጣቢያው ደመወዝ የሚከፍለው ከእሱ ነው። የማይቻለው ዘፈኑ ላይ የሚደርሰው ነው። አቅራቢው መግቢያው ላይ ያወራበታል፤ ዝም የሚለው ድምፃዊው አፉን ሊከፍት ሲል ነው። ትዝታ ከሆነ ደግሞ ገና ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፁ እየተቀነሰ የስፖንሰር ምስጋና ይገባል። ማሲንቆው ብቻውን የሚቀርበት መዝጊያ በሬዲዮ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የባለቤቶቹ ስም አለመነሳቱ ነው። የድምፃዊው ስም ይጠራል፤ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ግን አይነገርም። አድማጭ አንድ ዜማ ወዶ የዚያን ሰው ሌላ ሥራ መፈለግ ቢያምረው መነሻ የለውም።

እዚህ ጋ የሚሠራ ነገር እንሰብስብ። መለኪያው ሦስት ይሁን፤ ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማ፣ የማን እንደሆነ ይታወቅ፣ መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ አይቋረጥ። የምታውቁትን በዝርዝር ጻፉ፤ ዕቃው፣ መጠኑ፣ የሚበላሽበት ቦታ።

የአየር_ሰዓት፦

ምክንያቱን ካወቅነው መፍትሔው ይቀላል። ብዙ የሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጅ የጣቢያው ሠራተኛ አይደለም፤ የአየር ሰዓት ገዝቶ የገባ ተባባሪ አዘጋጅ ነው። የሰዓቱን ዋጋ ለጣቢያው ይከፍላል፣ ስፖንሰር የሚፈልገውም ራሱ ነው። ስለዚህ 8 ደቂቃ የሚፈጅ ትዝታ ለእሱ ሊሸጥ የሚችል 8 ደቂቃ ነው። ዘፈኑ የሚገባው ለማሸጋገሪያ ነው፤ የስልክ መስመሩ እስኪገኝ፣ እንግዳው ወንበር እስኪይዝ። ማሸጋገሪያ ደግሞ የትም ቦታ ላይ ይቆረጣል።

የስሙ ነገር ሌላ ምክንያት አለው። ስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋይል ከሰው ፍላሽ ወደ ሰው ፍላሽ ሲገላበጥ የመጣ ነው። ስሙ «ትራክ 03» ወይም የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። የካሴቱ ሽፋን ላይ የነበረው የግጥምና የዜማ ዝርዝር ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ሳይጻፍ ቀርቷል። አቅራቢው ቢፈልግም የሚያነበው የለውም። እኛም ፋይል ስንቀባበል ያንኑ ጥፋት እየደገምን ነውና፣ ከሬዲዮ በፊት የገዛ ማኅደራችንን ማስተካከል አለብን።

ሦስተኛው የድምፅ ማመጣጠኛው ነው። ጣቢያው ሁሉም ነገር እኩል እንዲጮኽ ዝቅ ያለውን ያነሳል፣ ከፍ ያለውን ይጫናል። ክራር ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጨመረ የሚሄድበት ቦታ ከመጀመሪያው ጀምሮ እኩል ሆኖ ይሰማል። ይህን አድማጭ ቤቱ ሆኖ የሚመልሰው ነገር የለም።

የሚሻኮረውና የሚንሿሿው ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጣቢያው ጥፋት ሳይሆን የአንቴና ነው። እሱን ሽቦ የሚያውቅ ሰው ይንገረን።

ሽቦ_ሠሪ፦

እኔ ልቀጥል። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ መካከል ባለ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሸለቆው ውስጥ ያለ ቤት ከፊት ለፊቱ ኮረብታ ካለ ምልክቱን የሚያገኘው ከሌላ ተዳፋት ተንጸባርቆ ነው። ተንጸባርቆ የመጣውና ቀጥታ የመጣው ሲገናኙ «ስ» እና «ሽ» ፊደሎች ይሰነጠቃሉ። ድምፁን መቀነስ አይፈታውም።

ርካሹ መፍትሔ የዲሽ ኬብል ነው። ያ ባለ 75 ኦም ገመድ ከቀላል ባለ ሁለት ክንድ አንቴና ጋር በደንብ ይስማማል። የሚያስፈልገው 1.5 ሜትር ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ፣ 10 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ቱቦ፣ እስከ 10 ሜትር የዲሽ ኬብል፣ በቪስ የሚጠብቅ የሽቦ ማገናኛና ናስትሮ ነው።

የክንዱ ርዝመት በስሌት ይወጣል። 7125ን ለምትፈልጉት ፍሪኩዌንሲ ስታካፍሉት የአንዱ ክንድ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይመጣል። ለ98 ሜጋ ኸርትዝ 72.7 ሴንቲ ሜትር፣ ለ100 ደግሞ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ጣቢያ ብቻ ካልሆነ የምትሰሙት 72 ላይ ቁረጡት፤ ከዳር እስከ ዳር ይሠራል። ሁለቱን ክንዶች በፕላስቲክ ቱቦው ላይ በግራና በቀኝ እሰሩ፤ መሐላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ፈጽሞ አይነካኩ። የኬብሉን የመሐል ሽቦ ከአንዱ፣ ዙሪያውን ያለውን መረብ ከሌላው ጋር አገናኙ። የዲሽ ኬብል መረብ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ስታኞ አይዝም፤ በካውያ ስትታገሉ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ውስጥ ውስጡን ይነካካል። በቪስ ማጥበቅ ይሻላል። መገናኛው አጠገብ ኬብሉን በ15 ሴንቲ ሜትር ስፋት አምስት ወይም ስድስት ዙር ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ኬብሉ ራሱ አንቴና ሆኖ የቤቱን ረብሻ እንዳይስብ ይከላከላል።

ሲሰቀል ከቆርቆሮው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ ውስጥ የገባ አንቴና ከላይ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። መጀመሪያ አግድም፣ ቀጥሎ አቁማችሁ ሞክሩት፤ ጣቢያ ከጣቢያ ይለያያል። የኬብሉ ጫፍ ሬዲዮው ላይ የአንቴና መሰኪያ ካለ እዚያ ይገባል። ከሌለ የመሐሉን ሽቦ በቆንጣጭ መያዣ ዘንጉ አንቴና ላይ ያዙት፤ መረቡን የድንጋይ ማስቀመጫው ነጌቲቭ ላይ። አንዱ ጣቢያ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ መታየት ከጀመረ ምልክቱ ስለበዛበት ነው፤ ያን ጊዜ መረቡን ንቀሉት ወይም ወደ ዘንጉ ተመለሱ።

ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓድ ሳይጀምር ከሬዲዮው ንቀሉት፤ የኬብሉንም ጫፍ ከቤት ውጭ አውጡት። ይህን አትዝለሉት።

ኪራይ_ቤት፦

ሽቦ ሠሪ፣ እግዜር ይስጥልን። አከራይ ጣሪያ ላይ መውጣት የማይፈቅድ ከሆነስ? ደግሞ ሸገር 102.1ን በዚህ አንቴና መያዝ ይቻላል?

ሽቦ_ሠሪ፦

ጣሪያ ከሌለ መስኮት። አንቴናውን በእንጨት የመጋረጃ ዘንግ ላይ እሰረው፤ በብረት ላይ አይሆንም። ዘንጉ አንቴና ብቻ ካለህ በሙሉ አውጣና 75 ሴንቲ ሜትር መድረሱን ለካ፤ የተሰበረ ጫፍ ብዙ ያስቀራል። ከዚያ ሬዲዮውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገህ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል አንቀሳቅሰው። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ደካማው ቦታና ጠንካራው ቦታ የሚራራቁት በዚያች ልክ ነው። ስቴሪዮ የሚል ቁልፍ ካለው ወደ ሞኖ መልሰው፤ መንሿሿቱ ወዲያው ይወርዳል። ደካማ ምልክት ላይ ረብሻው የሚገባው በስቴሪዮው መለያ በኩል ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል ከሬዲዮው አጠገብ ካለ ነቅለህ ልዩነቱን ስማ።

የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ግን በየትኛውም አንቴና አይያዝም። በአየር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሐል ላይ ያለውን ተራራ አስበው። በኢንተርኔት ከሆነ በ64 ኪሎ ቢት የሚለቀቅ በሰዓት 29 ሜጋ ባይት፣ በ128 የሚለቀቅ 58 ሜጋ ባይት ያህል ይበላል። ከዲሽ ሪሲቨር ጋር የምትኖሩ ደግሞ ሪሞቱ ላይ ቲቪና ሬዲዮ የሚያቀያይረውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ስካን ሲደረግ የሚገኘው የሬዲዮ ዝርዝር ለብቻው ስለሚቀመጥ ብዙ ሰው አይቶት አያውቅም።

የቴፕ_ጠጋኝ፦

ልጆች፣ አንቴናው ጥሩ ነው፤ ግን የምትፈልጉት ሙዚቃ ካሴት ላይ ነው ያለው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሬከርድስም ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ያሳተመው በሸክላ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው ሙዚቃ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ነው። እሱ ሳይበላሽ ኮምፒውተር ላይ ከገባ ከየትኛውም ጣቢያ የተሻለ ማኅደር ይሆናል። አሠራሩን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ካሴቱን ሳታጫውቱ እዩት። በመሐል በኩል፣ ክሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ስፖንጅ በመዳብ ምላስ ላይ ተለጥፎ አለ። የድሮው ማጣበቂያ ስለሚለቅ ስፖንጁ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይታፈናል፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰው «ካሴቱ ሞቷል» ብሎ የሚጥለው ይህን ነው። ከማይፈለግ ካሴት ላይ ምላሷን ነቅሎ መቀየር ነው። አምስት ቪስ ያለው ካሴት በትንሽ ካቻቪቴ ይከፈታል፤ ቪስ የሌለው የተጣበቀ ስለሆነ በቀጭን ምላጭ ዙሪያውን ከፍታችሁ ጥቅሎቹን ሳታዞሩ ወደ ባለ ቪስ ቤት ማዛወር ነው። የተበጠሰ ክር በተራ ፕላስተር አይቀጠልም፤ ማጣበቂያው እየፈሰሰ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል። ለካሴት መቀጠያ የተሠራ አለ። ጫፎቹን በሰያፍ ቆርጣችሁ፣ በጀርባው በኩል ብቻ፣ ከክሩ ስፋት ሳይተርፍ።

ከዚያ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አሂዱና መልሱት። ለዓመታት የተቀመጠ ጥቅል ይላላል ወይም ይጣበቃል፤ ይህ እኩል ያደርገዋል።

ቴፑን ማጽዳት ቀጣዩ ነው። ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) እና ጎማውን የምታጅበውን ቀጭን የብረት ዘንግ በ90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል በጥጥ ጥረጉ። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። ጎማውን በሳሙና ውኃ በትንሹ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጎማም ፕላስቲክም ይበላል። ቺንጋው ከተለጠጠ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፤ ረጅም የማሲንቆ ድምፅ ላይ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር፦ የሄዱ አቅጣጫ። ከሄዱ አጠገብ ካሉት ሁለት ቪሶች አንዱ ሥሩ ስፕሪንግ አለው። ካሴቱ የተቀዳበት ማሽንና የእናንተ ሄድ ትንሽ ከተዛነፉ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ የጭብጨባው ጥራት፣ የክራሩ ጠርዝ። ሁለቱን ጎን ወደ አንድ ቀላቅላችሁ እየሰማችሁ ቪሱን በጣም በትንሹ፣ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ፣ ወዲህና ወዲያ አድርጉት። ድምፁ በጣም በጠራበት አቁሙ። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና ይደረጋል። የዶልቢ (የሹሹታ መቀነሻ) ምልክት ሽፋኑ ላይ ከሌለ ዶልቢውን አጥፉት።

መቅጃው ላይ፣ ከቴፑ ጀርባ ካለው ቀይና ነጭ መውጫ ወደ ኮምፒውተሩ ላይን ኢን ይግባ። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ አይሆንም፤ ብዙው አንድ ጎን ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ከፍ ያለ ድምፅም ይሰነጥቃል። ውጭ የሚሰካ የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ግዙ፤ ግን ስቴሪዮ መግቢያ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ርካሾቹ ላይ ያለው መግቢያ ለማይክ ብቻ ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ 44,100 ኸርትዝ እና 24 ቢት አድርጉ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል አይለፍ። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ሁለቱም ጎን 950 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ሲቀየር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ጥራቱ ግን አይነካም።

ሹሹታ ማጥፊያውን በዋናው ቅጂ ላይ አትንኩት። ከሹሹታው ጋር የማሲንቆው ፀጉር ድምፅ አብሮ ይሄዳል፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ቀስተ_ማሲንቆ፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ከካሴት ተገልብጦ የመጣ ዘፈን ላይ ክራር ለመቃኘት ሲሞከር ብዙ ጊዜ በሁለት ድምፅ መሐል ይወድቃል። ትክክለኛው ፍጥነት በምን ይታወቃል?

የቴፕ_ጠጋኝ፦

ጥሩ ነገር አነሳህ ልጄ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት፤ ያረጀ ሞተር ግን ይስታል። 4 በመቶ ከፈጠነ ድምፁ በፒያኖ ላይ ባሉ ሁለት ተጎራባች ድምፆች መሐል ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ ከፍ ይላል፤ ያንተ ክራር በሁለት ድምፅ መሐል የሚወድቀው ለዚህ ነው።

የመብራቱን ጉርምርምታ ተጠቀምበት። የአገራችን መብራት 50 ኸርትዝ ነው፤ በድሮ ስቱዲዮ ሲቀዳ ያ ድምፅ በቀጭኑ አብሮ ገብቷል። ኦዳሲቲ ላይ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ጸጥታ ምረጥና የፍሪኩዌንሲ ትንተናውን ክፈት። 52 ላይ ጉብታ ካየህ 4 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው፤ በዚያው ልክ ቀንሰው። 50 ላይ ያለው ግን ያንተ ቴፕ አሁን የሚያሰማው ሊሆን ይችላል። ለመለየት ካሴቱን አቁመህ መቅዳቱን ቀጥል፤ ሲቆም የጠፋው ጉብታ የካሴቱ ነው።

ሽፋኑን ፎቶ ሳታነሱ ካሴቱን ወደ ሳጥኑ እንዳትመልሱት። የፊቱን፣ የውስጡን፣ የካሴቱንም ጀርባ። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት፣ ዓመተ ምሕረቱ እዚያ ነው ያለው።

ባጃጅ_ሾፌሩ፦

እኔ ካሴት ቤት የለኝም፤ ፍላሽ ነው የምጠቀመው። 64 ጊጋ ፍላሽ የባጃጁ ማጫወቻ አያነብም፤ 8 ጊጋው ላይ ደግሞ ዘፈኖቹ ተዘበራርቀው ይመጣሉ፣ ስማቸውም አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

አዘዞ_ፍላሽ፦

ሦስቱም የተለያየ መድኃኒት አላቸው ወንድሜ።

64 ጊጋው ከፋብሪካ ሲወጣ ኤክስፋት በሚባል አደረጃጀት ነው፤ የባጃጅና የታክሲ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የሚያነቡት ፋት32 ብቻ ነው። ዊንዶውስ በተለመደው መንገድ ከ32 ጊጋ በላይ ያለውን ወደ ፋት32 አይቀይርም። ሩፈስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተህ ፋት32 እና ኤምቢአር መርጠህ ፎርማት አድርገው። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድመህ ገልብጥ። ከተቻለ ግን 16 ጊጋ በቂ ነው፤ በ192 ኪሎ ቢት 5 ደቂቃ ዘፈን 7 ሜጋ ባይት ገደማ ስለሚይዝ 2,000 ዘፈን ይገባበታል።

የተዘበራረቀው ቅደም ተከተል፦ ማጫወቻው የሚከተለው ፍላሹ ላይ የተጻፉበትን ተራ እንጂ ፊደል አይደለም። ፋይሎቹን 001፣ 002 ብለህ ሰይምና ፍላሹን ባዶ አድርገህ በአንድ ጊዜ በተራቸው ገልብጥ። በኋላ አንድ ዘፈን ብታስገባ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።

ሳጥኖቹ፦ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የለውም። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፈው፤ አማርኛውን ግን ፋይሉ ውስጥ ባለው መረጃ ላይ አስቀምጠው። ኤምፒ3ታግ በሚባለው ፕሮግራም ዘፋኝ፣ ርዕስ፣ አልበም ካልኩ በኋላ «ኮምፖዘር» (Composer) የሚለው ቦታ ላይ ዜማውን የሠራውን፣ አስተያየት ላይ ግጥሙንና ቅንብሩን አስገባ። መረጃው ID3v2.3 በሚባለው ዓይነት ይቀመጥ፤ 2.4ን ብዙ የድሮ ማጫወቻ አያነብም። የዓመት ቦታው ላይ የኛን ዓመተ ምሕረት ብቻ ከጻፍክ ስልኩ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ስለዚህ የፈረንጁን እዚያ፣ የኛን «ዓ.ም.» ብለህ አስተያየቱ ላይ።

«የአየር ሰዓት» ያነሳው የስም መጥፋት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። መረጃው ያለበት ፋይል በዜንደርም በብሉቱዝም ሲተላለፍ መረጃውን ይዞ ይሄዳል። ስሙን ቀይረው ቢልኩት እንኳ ውስጡ ያለው አይነካም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬን ሲያዝ ወይም መንገዱ ሲያንገጫግጭ ፍላሹ ከተቋረጠ ችግሩ መሰኪያው መላላቱ ነው፤ አጭሯን፣ ከመሰኪያው ብዙም የማትወጣዋን ፍላሽ ግዛ። ረጅሙ በክብደቱ መሰኪያውን ይሰብረዋል።

ማራኪ_ሙዚቃ፦

ቴሌግራም ላይ «320 ጥራት» እየተባለ የሚለቀቀውን በጭፍን አትመኑ። ከዩቲዩብ ወርዶ ወደ 320 የተቀየረ ፋይል ክብደቱ እንጂ ጥራቱ አልጨመረም። ኦዳሲቲ ላይ ከፍታችሁ ወደ ስፔክትሮግራም እይታ ቀይሩት። 16 ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ ላይ በቀጥታ መስመር ቁርጥ ብሎ ከላይ ጨለማ ከሆነ መጀመሪያ በ128 የተጨመቀ ነው። ከካሴት የተቀዳ ግን ከ12 በላይ እየሳሳ እየሳሳ ነው የሚጠፋው፤ እሱን ሐሰተኛ አትበሉት። ስትልኩም በድምፅ መልእክት መልክ አትቅዱ፣ እንደገና ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ስትልኩት ሳይነካ ይደርሳል።

ቀስተ_ማሲንቆ፦

የአዝማሪ ቤቱ ሙዚቃስ? ሬዲዮ ላይ ማሲንቆ የሚገባው በበዓል ሰሞን ነው፣ እሱም በኪቦርድ ታጅቦ። በስልክ በጥሩ ጥራት መቅዳት የሚችል ሰው ይንገረን።

አንቺሆዬ፦

ይቻላል፤ ከስልኩ ይልቅ አቀማመጡ ነው ወሳኙ። ስልኩ ላይ ያለው መደበኛ መቅጃ ለንግግር የተሠራ ነው፤ ዝቅ ሲል ራሱ ያነሳል፣ እልልታ ሲመጣ ይጫናል፣ የማሲንቆውን የተራዘመ ድምፅ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይቀንሰዋል። በዋቭ የሚቀዳና ይህን ራስ ሰር ማስተካከያ ማጥፋት የሚቻልበት መቅጃ ጫኑ። ስቴሪዮ በ48,000 ለ30 ደቂቃ 345 ሜጋ ባይት ስለሚይዝ አስቀድማችሁ ቦታ አስለቅቁ። ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት።

ቦታው ከአዝማሪው ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር፣ ከፍታው በአፉና በማሲንቆው ቆዳ መካከል ይሁን። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ካስቀመጣችሁት የብርጭቆው ኳኳታ ከሙዚቃው በላይ ይገባል፤ የታጠፈ ጋቢ ወይም ነጠላ ሥሩ ይደረግ። ቤቱ በማይክና በድምፅ ማጉያ የሚሠራ ከሆነ ከማጉያው ፊት አይቀዳም፤ ድምፁ ተሰባብሮ ይገባል። ሰው ሳይሞላ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ያለ ማይክ እንዲጫወቱ ጠይቁ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚጫወቱት። የድምፁ መጠን ጸጥ ባለው ጨዋታ −20 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ጭብጨባና እልልታ ሲጨመር ከፍ የሚልበት ቦታ ይፈልጋል። በዐቢይ ጾም አብዛኛው ቤት ጸጥ ስለሚል ዕቅዳችሁን ከዚያ በፊት ወይም ከፋሲካ በኋላ አድርጉት።

ፈቃድ የግድ ነው፣ ከመቅዳት በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ሽልማቱም ከተራ እንግዳ ከፍ ይበል፤ የምትወስዱት የሰውየውን ሥራ ነው። ደግሞ አዝማሪ ግጥሙን እዚያው ቤት ባለው ሰው ላይ ነው የሚያወርደው። ተቀምጦ የነበረ ሰው ስም፣ ሥራውና ምናልባትም ጓዳው እዚያ ቅጂ ውስጥ አለ። ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት ያን ክፍል አውጡት። ፋይሉ ላይ የአዝማሪውን ስም እሱ በሚፈልገው መልክ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ቅኝቱን ጻፉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ ወይም አንቺሆዬ።

አንቀጽ_9፦

ሕጉን ሳናነሳ ብንቀጥል ይጎዳናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ872/2007 ተሻሽሏል። አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግሉ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያስቀር አይከለከልም። የገዛችሁትን ካሴት ወደ ኮምፒውተራችሁ ማስገባት በዚህ ውስጥ ነው። ያንኑ አልበም ቴሌግራም ቻናል ላይ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማሰራጨት ነው፣ ባለመብቱ መፍቀድ አለበት። የደራሲው መብት ከሕልፈቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። በትንሽ ማስተላለፊያ ሰፈር ውስጥ የራስ ኤፍ ኤም እንክፈት የምትሉም አትሞክሩት፤ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ክልክል ነው።

ማራኪ_ሙዚቃ፦

ገበያ ላይ የሌለ ካሴት ከሆነስ? ሙዚቃ ቤቱ ተዘግቷል፣ ሊገዛ የሚፈልግ ሰው የሚገዛበት የለም። ሳጥን ውስጥ ሻግቶ ከሚቀር ቢሰማ አይሻልም?

አንቀጽ_9፦

ገበያ ላይ አለመኖሩ መብቱን አያጠፋውም እኅቴ። ቤተሰቡ ወይም አሳታሚው አንድ ቀን እንደገና ሊያሳትመው ይችላል፤ በነፃ ተበትኖ ከጠበቃቸው ማን ይገዛቸዋል? የሚፈቀደው መንገድም ሰፊ ነው። ካሴቱን ገልብጣችሁ በጥንቃቄ አስቀምጡ፣ የሽፋኑን መረጃ አጋሩ፣ ባለመብቱን ፈልጋችሁ ጠይቁ። ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር ማንም አይከለክላችሁም፤ ከሁሉ በላይ የጎደለውም እሱ ነው።

የአየር_ሰዓት፦

በዚህ ላይ ልጨምርበት። ዝርዝሩ ሬዲዮኑንም ሊለውጥ ይችላል። ለአዘጋጅ «ጥሩ ሙዚቃ ልቀቁ» ብሎ መጻፍ የትም አያደርስም። ለአንድ ፕሮግራም አራት ዘፈን ብቻ መርጣችሁ ለእያንዳንዱ ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ዓ.ም.፣ ሙሉ ርዝመቱን በደቂቃ፣ እንዲሁም መግቢያው ስንት ሰከንድ እንደሆነ ጻፉ። መግቢያውን የሚያውቅ አቅራቢ ወሬውን ከዚያ በፊት ይጨርሳል። የፕሮግራሙ ቀን ከመድረሱ ከሦስት ቀን በፊት ይድረሰው፤ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ፈልጎ የሚያገኝበት ጊዜ የለውም። ሙሉውን እንዲለቅ ከፈለጋችሁ ከሰዓቱ ዜና በፊት ያለውን ቦታ አትጠይቁ፤ እዚያ የገባ ዘፈን ሁሉ ይቆረጣል። ከዜናው በኋላ ያለው ይሻላል።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 ከንግድ ጣቢያ ተለይቶ የሚታይ ዓይነት ነው፤ ለትርፍ አይሠራም። አንቺሆዬ በጻፈችው መንገድ የተቀዳ፣ ፈቃዱና ስሙ የተሟላ የአዝማሪ ቅጂ እዚያ የመግባት ዕድሉ የተሻለ ነው።

ኪራይ_ቤት፦

የቴፕ ጠጋኝ፣ አንድ ጥያቄ። ሁሉንም እርስዎ እንዳሉት ተደርጎ ግራው ጎን ዝም አለ፤ ቀኙ ጥሩ ነው። የድምፅ ካርዱ ባለ ስቴሪዮ ነው።

የቴፕ_ጠጋኝ፦

በቴፑ ጀርባ ቀዩንና ነጩን አቀያይር። ዝምታው ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ ከቴፑ ነው፤ ግራ ላይ ከቀረ ገመዱ ወይም ካርዱ ነው። ከቴፑ ከሆነ ሄዱን እንደገና ጥረገው፤ በአንድ በኩል ብቻ የተጠራቀመ ቡናማ ዱቄት አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ካልሆነ የመቅጃና የማጫወቻ መቀያየሪያው ዝጓል። የሚቀዳ ቴፕ ከሆነ ካሴቱን አውጣ፣ መብራቱን ንቀል፤ ከዚያ የመቅጃውን ቁልፍ ሃያ ጊዜ ያህል ተጭነህ ልቀቀው። ካሴት ሳይኖር ቁልፉ የማይገባ ከሆነ ከኋላ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ምላስ በጣትህ ወደ ኋላ ይዘህ ተጫን። ከተመለሰልህ በዚያው ቀን ቅዳ፤ ካልተመለሰ የመቀያየሪያ ማጽጃ ፈሳሽ በቀዳዳው አንዴ ብቻ ረጭተህ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቀህ ድገመው።